የአሥራ አንደኛው ረድፍ ሐዲድ

ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ስሆን የንድፍ ማከማቻው ቁልፍ በእጄ ነበር። ወደዚያ የገባና ከዚያ የወጣ ሉህ ሁሉ በእኔ መዝገብ ላይ ሳይጻፍ አያልፍም። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች የምተርከውን አብዛኛውን ያገኘሁት ከመዝገቤ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ከራሷ ከነዳፊዋ አፍ የሰማሁት ነው። እሷም ነገር አሳምራ የምትናገር ሳትሆን ለክታ የምትናገር ሴት ናት።

ነዳፊዋ ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሥራዋ ቺፕ መንደፍ ነው። ዛሬ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር ሆኗል፤ በዚያን ዘመን ግን የጣት ጥፍር የማታክለው ቺፕ ከመሠራቷ በፊት አምስት መቶ ጊዜ ጎልታ፣ የአልጋ ልብስ በሚያህል ብርሃን አሳላፊ ሉህ ላይ በእጅ ትነደፍ ነበር። ሉሁ ከሥሩ መብራት በሚበራለት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። መስመሮቹ በቀለም ከተለዩ ጥብጣቦች በምላጭ እየተቆረጡ ይለጠፉበታል። ሰማያዊው ጥብጣብ ብረቱን ያመለክታል፤ ከሰማያዊዎቹም ሰፋፊዎቹ ለቺፗ ኃይል የሚያመጡና የሚመልሱ ናቸው። እነዚህን የክፍሉ ሰዎች ሐዲድ ይሏቸው ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ክፍል አንድ የንድፍ ፈታሽ ነበረ። ከአፉ ማር የሚንጠባጠብ፣ «እኅቴ» ሳይል የማይጠራት ሰው ነበር። አንድ ሙሉ ክረምት አጠገቧ ተቀምጦ የሐዲድ አዘረጋጓን ሲማር ከርሞ፣ በመጨረሻ በሉሁ ጥግ ላይ የራሱን ስም ጽፎ ወደ ኃላፊዎቹ ወሰደው። በዚያው ሉህ ሹመት አገኘ፤ እሷ ምንም አላገኘችም። ከዚያ ወዲህ «እንደምን አደርሽ» ለሚላት ሰው እንኳ ቶሎ አትመልስም፤ ለምን እንዲህ አለኝ ብላ ጥቂት ታስባለች። የክፍሉ ሰዎችም «ወይዘሪት ለምን» የሚል ስም አወጡላት።

በዚያ ማክሰኞ እጇን ታጥባ ስትመለስ አንድ የማታውቀው ወንድ ሉህዋ ላይ አጎንብሶ አገኘችው።

«ምን ፈልገው ነው?»

ሰውየው ቀና ሲል በአንገቱ ላይ በጥቁር ክር ያንጠለጠላት አጉሊ መነጽር ተወዛወዘች።

«አዲሱ ፈታሽ ነኝ።»

«ፈታሽ የሚፈትሸው ሲሰጠው ነው።»

«ልክ ነዎት። የተዘረጋ ንድፍ ሳይ ዓይኔ አይታዘዘኝም።»

«እጅዎስ?»

«እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።»

እውነትም ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ ነበሩ። ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም። ነገር ግን ወዲያው፣ እጁን ኪሱ ውስጥ የሚከት ሰው አንድም በርዶታል፣ አንድም የሚደብቀው አለ ብላ አሰበች። ክፍሉ ደግሞ ሞቃት ነበር።

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ዝምታ የሚያበዛ ሰው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጉሮሮውን ጠራርጎ አንድ ነገር ጠየቃት።

«ረድፎቹ አንዱ ቀና፣ አንዱ ግልብጥ የሚሆኑት ስለምንድን ነው?»

ነዳፊዋ ምላጯን አስቀመጠች። ይህን የማያውቅ ፈታሽ የለም፤ ስለዚህ ይህ ሰው እየፈተነኝ ነው ስትል አሰበች።

«እያንዳንዱ ረድፍ በአንድ ጎኑ ኃይል የሚያመጣለት፣ በሌላው ጎኑ የሚመልስለት ሐዲድ ይፈልጋል» አለች እንደ ትምህርት ቤት ልጅ። «ሁሉንም ቀና ባደርጋቸው ለየራሳቸው ሐዲድ ስዘረጋ ቦታው ያልቃል። አንዱን ስገለብጠው ግን ኃይል ያለበት ጎን ከጎረቤቱ ኃይል ካለበት ጎን ጋር ይገጥማል። እያንዳንዱ ግማሽ ሐዲድ ይዞ ይመጣል፤ ሲገጥሙ አንድ ሙሉ ይሆናል።»

«ዳር ላይ ያለውስ? ጎረቤት የሌለው?»

«ለሱ ግማሹን እኔ እሞላለታለሁ፤ የጠርዝ ጥብጣብ እለጥፍለታለሁ።»

«ባይሞላለትስ?»

«ኃይሉ መንገድ ላይ ይደክማል፤ ጫፍ ላይ ያሉት ይራባሉ።»

«ገባኝ!» አለ፤ ፊቱ በራ። «በመንገዱ መጨረሻ ያለ ቤት ሁልጊዜ ባልዲ ደርድሮ ነው ውኃ የሚጠብቀው።»

የቺፕ ፈታሽ ስለ ባልዲ ሲያወራ ሰምታ አታውቅም። ይባስ ብሎ ከኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣና የሆነ ነገር ጫር ጫር አደረገ። ጠጋ ስትል ዘጋው።

«ምንድን ነው የሚጽፉት?»

«እ… ማስታወሻ ነው።»

የፊተኛውም ፈታሽ ማስታወሻ ነበረው።

በዚያ ክፍል አንድ ደንብ ነበር። ፈታሹ ስሕተት ሲያገኝ በፍተሻ ወረቀቱ ላይ በቀይ እርሳስ ይጽፋል፤ ነዳፊዋ ከሥሩ በሰማያዊ እርሳስ ትመልሳለች። ከዚህ በቀር ፈታሽ ሉሁን በምላጭም ሆነ በጥብጣብ መንካት ክልክል ነው፤ የነካ ከሥራው ይሰናበታል። ንድፉን የሚያርመው የነዳፊው እጅ ብቻ ነው።

በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን በቀይ እንዲህ የሚል ተጽፎ አገኘች፦ «አራተኛው ረድፍ፦ ስሕተት የለበትም። ያመለከትኩት ስላማረ ብቻ ነው።»

ወረቀቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው፤ ገልብጣም አየችው። ከዚያ በሰማያዊ፣ «ማማር የሚባል ደንብ የለም» ስትል መለሰች። ይህን በጻፈችበት ዕለት እርሳሷ ጉርድ እንደሆነ አይቶ ኖሮ በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ በሚገባ የተቀረጸ አዲስ ሰማያዊ እርሳስ አስቀምጦላት ሄደ። አንድም ቃል ሳትናገር ወስዳ የእሱ ጠረጴዛ ላይ መለሰችው።

ያን ዕለት ማታ ይህን ለታላቅ እኅቷ ነገረቻት። ሁለቱ አብረው ይኖሩ ነበር። ታላቂቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እጮኛዋ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ድምፁን አጥፍቶ ጠፍቶባት፣ የሙሽራ ቀሚሷን ራሷ ፈትታ የመስኮት መጋረጃ አድርጋዋለች።

«እርሳስ?» አለች ታላቂቱ መርፌውን በጥርሷ እንደያዘች። «በእርሳስ ነው የጀመረሽ?»

«እትዬ ደግሞ! ማን ጀመረኝ አለሽ?»

«የኔው ጉድ በጃንጥላ ነበር የጀመረኝ። ዝናብ ሳይኖር።»

«እኔኮ መለስኩለት።»

«ጎበዝ። መልሰሽ ስታበቂ ግን እየተከዝሽ ነው የመጣሽው። እስቲ ቀና በይ፣ ልይሽ!»

«የሚጽፈውን ነገር ባውቅ ብዬ ነው የምተክዘው።»

«የሚጽፈውማ ያንቺን ሥራ ነው፤ ሌላ ምን ሊጽፍ? ዓይንሽን ግለጪ፣ የኔ ሞኝ። አንድ ጊዜ አታለውሻል።»

በዚህ ሁኔታ ጥር ገባ። የሚነደፈው ቺፕ በሐኪም ቤት የሕሙማንን የልብ ምት ለሚቆጥር መሣሪያ የታሰበ ነበር። ኃላፊው ዘወትር «አልቋል?» ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ ስለማያውቅ ሰዎቹ ራሱን «አልቋል» ብለው ይጠሩት ነበር። ይህ ሥራ በሰላም ከተፈጸመ ነዳፊዋ ዋና ነዳፊ እንደምትሆን በአንደበቱ ቃል ገብቶላታል። ያን ወንበር ስድስት ዓመት ጠብቃዋለች።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አልቋል እያለከለከ መጣ።

«አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ይውጣ! ቺፑ ገዘፈ ተባለ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሉሁን በፊልም አንሥተው የሚያሳንሱት ሰዎች መኪና ይመጣል። እስከ ማታ ያልቃል?»

«ይሞከራል።»

«ይሞከራል አላልኩም፤ ያልቃል?»

«ያልቃል።»

አጎንብሳ አሥራ ሁለተኛውን ረድፍ ከነሐዲዱና ከነጥብጣቡ ላጠችው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሉሁን ጠቅልላ ለኔ አስረከበች፤ ፈረምኩ። ፈታሹ ቅዳሜ ያየዋል ተባለ። እሷ ቅዳሜ አትገባም ነበር።

ሰኞ ማለዳ ከሁሉ ቀድማ መጣችና የመጨረሻ ጊዜ ልየው ብላ ሉሁን አስወጣችኝ። መብራቱን አብርታ ዓይኗን ከላይ ወደ ታች ስታወርድ ግርጌው ላይ ደረሰችና ቆመች። የመጨረሻው ሐዲድ እሷ ከተወችው ሰፍቷል። ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ዳሰሰችው። ከነባሩ ጥብጣብ ጎን ሌላ ሰማያዊ ጥብጣብ፣ ፀጉር በማያስገባ ጥንቃቄ ተለጥፏል።

«ቅዳሜ ይህን ሉህ ማን አወጣው?» አለችኝ። ድምፅዋ ተለውጧል።

መዝገቡን ገለጥኩላት። ፈታሹ ሦስት ሰዓት ላይ ወስዶ፣ አምስት ሰዓት ላይ ሉሁን ትቶ ወጥቶ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ተመልሶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስረክቧል።

«ለአንድ ፍተሻ ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ። መሐል ላይ እየሮጠ ወጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የተመለሰው።»

በአንድ አፍታ ሁሉንም ነገር አገናኘችው። ደብተሩን፣ የማያልቀውን ዝምታውን፣ እርሳሱን። የሷን የእጅ ሥራ አበላሽቶ፣ ቺፑ ሲወድቅ «እኔ ነግሬ ነበር» ሊል ነው። ወይም ደግሞ «ይህን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ስሙን ጥጉ ላይ ሊጽፍ። ሰውየው እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ኃላፊው ገባች።

ፈታሹ ሲጠራ ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም ነበር። ሲገባ ያየው እሷን ነው። ፈገግ ሊል ሲል ፊቷን አየና ፈገግታው እዚያው ቀረ።

«ሉሁን ነክተሃል?» አለ አልቋል።

«ነክቻለሁ።»

«ደንቡን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

 የፈታሹ ዓይን ከነዳፊዋ ላይ አልተነሣም። ያ አስተያየት የሌባ አስተያየት አልነበረም፤ የተካደ ሰው አስተያየት ነበር። ይህ ደግሞ የባሰ አበሸቃት።

«እሳቸው ያውቃሉ» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ምን ላውቅ ነው? ጭራሽ በእኔ ሊያላክኩ ነው?»

«እንግዲያው ምንም አልልም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ያን ጥብጣብ ከማንሳትዎ በፊት ረድፎቹን ይቁጠሩ።»

አልቋል ሰዓቱን አየ። ሰውየው እስኪወሰንበት ድረስ ወደ ቤቱ እንዲሄድ፣ መኪናውም ከሰዓት በኋላ እንዲመጣ፣ ነዳፊዋም ጥብጣቡን አንሥታ ሉሁን ወደ ነበረበት እንድትመልስ አዘዘ።

ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። የምላጩን ጫፍ ከጥብጣቡ ሥር አስገባች። ይቁጠሩ ይላል ደግሞ፤ መቁጠር ሊያስተምረኝ ነው! ቢሆንም እጇ አልነቃነቅ አለ። ሰውየው ጥፋት ባይኖርበትስ ብላ ሳይሆን፣ ምን ሊያታልላት እንደፈለገ ለማወቅ ብላ መቁጠር ጀመረች።

አንደኛው ቀና። ሁለተኛው ግልብጥ። ሦስተኛው ቀና። በያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ግማሾች ተገናኝተው ሙሉ ሆነዋል። አሥረኛው ግልብጥ። አሥራ አንደኛው ቀና፣ ከዚያ በታች…

ከዚያ በታች ባዶ ነበር። ግማሹን ይሞላለት የነበረው አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ዓርብ ዕለት በራሷ እጅ ተልጧል። ለዳሩ የለጠፈችው የጠርዝ ጥብጣብም አሥራ ሁለተኛው ጎን ላይ ስለነበረ አብሮ ሄዷል። አሥራ አንደኛው ዳር ሆኖ ሲቀር ግማሽ ሐዲድ ይዞ መቅረቱን ልብ አላለችም። አጉሊ መነጽሯን አምጥታ የሰውየውን ጥብጣብ ለካችው። የጎደለው ግማሽ ነበር፤ አንዲት ነጥብ አልበለጠም፣ አንዲት ነጥብ አላነሰም። ያ ጥብጣብ ባይኖር ኖሮ የልብ ምት ቆጣሪው የሥራ ብዛት ሲገጥመው መቁጠር ይስት ነበር።

ምላጩን አስቀመጠች።  ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ጥብጣቡ ይቀራል፣ ሰውየው ይሰናበታል፣ ወንበሩ የሷ ይሆናል። እውነቱን ብትናገር ግን ስድስት ዓመት የጠበቀችው ወንበር ይቀርባታል። ይህን እያሰበች የቆየችው ምን ያህል እንደሆነ ነግራኝ አታውቅም። እኔ ግን በማከማቻው መስኮት አያት ነበርና፣ አንድ ኩባያ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያህል ነው እላለሁ።

ተነሥታ ወደ ኃላፊው ገባች።

«አልቋል?» አላት።

«ስሕተቱ የኔ ነው። ጥብጣቡ ባለበት ይቀመጥ፤ እሱ ባይለጥፈው ሥራው ይበላሽ ነበር።»

«ምን ማለትሽ ነው? ጠዋት እኮ…»

«ጠዋት ሳልቆጥር ነው የተናገርኩት። በጽሑፍም አቀርባለሁ።»

አልቋል ፊቱን ጨፈገገ። ደንብ ደንብ ነው አለ፤ ሰውየው አንድ ሳምንት ከሥራ ታግዶ ይመለሳል፤ የዋና ነዳፊነቱ ነገር ግን ለጊዜው አይነሣም። ለጊዜው የሚለው ቃል ስንት ዓመት እንደሚረዝም ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ጥርጣሬዋ ገና አልሞተም ነበር። ስሕተቱን ካየ ለምን አልነገረኝም? እንደ ሰው መጥቶ «ይህ ጎድሏል» አይልም? ወይስ አንድ ቀን ሊመዝዝብኝ ይዞት ኖሯል?

ታላቂቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን እያንቀሳቀሰች ሁሉንም ሰማች። «ለምን አልነገረኝም?» የሚለው ጋ ሲደረስ መኪናው ቆመ።

«ቅዳሜ…» አለች ታላቂቱ።

«ቅዳሜ ምን?»

«ገበያ ሄደሽ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። አንገቱ ላይ መነጽር ያንጠለጠለ። በሩን ሳልከፍትለት በቀዳዳ አነጋገርኩት። የለችም አልኩት። ወረቀት ጻፈና ስጪልኝ አለኝ።»

«እትዬ!»

«አንቺን ብዬ ነው! ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቼበታለሁ።» ከክር ማስቀመጫው ሥር አራት ላይ የታጠፈች ወረቀት አወጣች። «እንቺ። ከፈለግሽ ስደቢኝ።»

ወረቀቷ ከደብተር ተገንጥላ የወጣች ነበረች። ጽሑፉ የተጣደፈ ነው፦ «ይቅርታ፣ ቤትዎን ከግቢው ዘበኛ ጠይቄ ነው የመጣሁት። አሥራ አንደኛው ረድፍ ጎረቤቱን አጥቷል፤ የታችኛው ሐዲድ ግማሽ ነው። መኪናው ሰኞ ሁለት ሰዓት ይመጣል። እስከ ሰባት ሰዓት የግቢው በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። ካልመጡ በእኔ እጅ እንድለጥፈው እንደፈቀዱልኝ እቆጥረዋለሁ፤ ለማንም አልናገርም።»

ነዳፊዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው ጠዋት ለምን እንደዚያ እንዳያት አሁን ገባት። አንብባ፣ ፈቅዳ፣ ከዚያ የከሰሰችው ነበር የመሰለው።

«አንቺ» አለች ታላቂቱ በቀስታ፣ «ጀርባውን…»

«አሁን አታናግሪኝ፣ እትዬ። በእግዜር!»

ታላቂቱ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ፈታሹ የቀረ ዕቃውን ሊወስድ ወደ እኔ ማከማቻ መጣ። ገና ሰላም ሳንባባል ነዳፊዋ ገባች። እኔ መዝገቤ ላይ አቀረቀርኩ፤ ጆሮዬ ግን አላቀረቀረም።

«ወረቀቱ የደረሰኝ ትናንት ማታ ነው» አለች። «ጠዋት አላወቅኩም ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝ።»

ሰውየው ትንፋሹን ለቀቀ። «እኔ ደግሞ አንብበው ዝም ያሉ መስሎኝ…»

«ያ ደብተር ግን» አለች ነዳፊዋ። ይቅርታ እየጠየቀች እንኳ ጥርጣሬዋን መተው አልቻለችም። «ምን እንዳለበት ካላየሁ አላምንዎትም። እውነቱን ነው የምነግርዎት።»

እስከ ጆሮው ቀላ። ብዙ አመነታና ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ጥያቄዎች ነበሩ፣ በቁጥር የተጻፉ። «፩፦ ረድፎቹ ስለምን ይገለበጣሉ? (ተመልሷል፤ ጎበዝ አስተማሪ ናት።) ፪፦ ሐዲድ ስፋቱ በምን ይወሰናል?» እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እኔ እዚህ ከመምጣቴ በፊት ስምንት ዓመት የውኃ ቧንቧ ንድፍ ነበር የምፈትሸው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እዚህ ሲቀጥሩኝ ዓይኔ መልካም ስለሆነ እንጂ ሥራውን አውቄው አይደለም። ሌሊት መጽሐፍ አነባለሁ፤ ያልገባኝን ደግሞ እጽፋለሁ። እርስዎን ልጠይቅ እፈልግ ነበር፤ ግን ስጠይቅዎ እንደ ሌባ ያዩኛል።»

ገለጥ ገለጥ አደረገች። ጥያቄዎቹ እየቆዩ ጠባያቸው ተለውጧል። «፴፩፦ የሰጠኋት እርሳስ ደስ አላሰኛትም፤ ምን ደስ ያሰኛታል? ፴፰፦ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ትስቃለች?» የመጨረሻው አርባ ሦስተኛው ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ የለም፤ ተገንጥሏል።

ነዳፊዋ ቀና አለች። «ይቺ ገጽ የት ሄደች?»

«የትኛዋ?»

«እዚህ ጋ ተገንጥላለች። ምን ነበረባት? ለምን ሰወሯት?»

«እኔ ምንም አልሰወርኩም! ቅዳሜ ለእርስዎ የጻፍኩባት ናት፤ በር ላይ ቆሜ፣ ያገኘሁትን ገንጥዬ…»

ነዳፊዋ ከቦርሳዋ ወረቀቷን አወጣች። ሰው ያለውን ብቻ ሰምታ የምታምን አልነበረችም። የተገነጠለውን ጠርዝ ከደብተሩ ጠርዝ ጋር አስጠጋችው፤ ጥርስ በጥርስ ገጠመ። ሲገጥም የወረቀቷ ጀርባ ወደ ላይ ሆነ።

ፈታሹ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ጀርባውን… ጀርባው ላይ መጻፌን ረስቼው ነበር። እባክዎ አያንብቡት።»

ማንበብ ግን ጀምራለች፦ «፵፬፦ በልቧ ሌላ ሰው ይኖር ይሆን? ከሌለስ፣ ይህ ነገር ለሴት እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?»

ታላቂቱ ወረቀቱን ሁለት ቀን የደበቀችው በፊቱ ሳይሆን በጀርባው ምክንያት መሆኑ አሁን ተገለጠላት።  የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል። እኔም ብዕሬን ማንቀሳቀስ ፈራሁ።

«ያ ሰማያዊ እርሳስ አለህ?» አለች ነዳፊዋ።

«አንተ» ብላ የጠራችው ያን ዕለት ነው። ሰውየው ከደረት ኪሱ አወጣላት፤ ለካ ይዞት ይዞር ነበር። የኔን ጠረጴዛ ተደግፋ፣ ከጥያቄው ሥር፣ እንደ ክፍሉ ደንብ በሰማያዊ ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አደረገችለትና እርሳሱን ለራሷ አስቀረችው።

የጻፈችው ይህ ነበር፦ «የለም። እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል።»

ሰውየው ሁለቴ አነበበው። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን አንሥቶ ሦስተኛ ጊዜ አነበበው። በዚህን ጊዜ ነው ነዳፊዋ የሳቀችው፤ የጥያቄ ሠላሳ ስምንት መልስም በዚያው ተገኘ።

በሚያዝያ ተጋቡ። ታላቂቱ መጋረጃውን አውርዳ መልሳ ቀሚስ አደረገችላት። ዋና ነዳፊነቱን ነዳፊዋ ያገኘችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ቺፑም ሠርቷል። ሉሁ ከነጥብጣቡ በእኔ ማከማቻ ውስጥ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር፤ ግርጌው ላይ ያለችውን ልጥፍ ከሌላው የሚለያት አልነበረም፣ እኔ ቦታዋን ስለማውቅ እንጂ።

እነሆ የማስታውሰውን ያህል ጽፌአለሁ። ረድፎቹ አሥራ ሁለት ነበሩ ያልኩት እርግጠኛ ሆኜ ነው፤ በደብተሩ የነበሩት ጥያቄዎች ግን አርባ አራት ይሁኑ አርባ አምስት አሁን ይምታታብኛል። በዚያ ክፍል የሠራችሁ፣ ወይም ከሁለቱ አንዳቸውን የምታውቁ አንባብያን፣ ቀኑን ወይም ቁጥሩን ስቼ እንደሆነ እንድታርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ። እርማታችሁን በቀይ ጻፉልኝ፤ ዕድሜ ከሰጠኝ ከሥሩ በሰማያዊ እመልሳለሁ።